ውሃ በካንሳንጋ ሲፈላ

ሰሞኑን ጉንፋን ጠንቶብኝ እዚህ ካምፓላ ንሳምብያ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ነርሷ የሙቀት መለኪያዋን ግንባሬ ላይ ደግና ትኩሳት የለም አለች። እኔ ግን ያቺን ዕቃ ዲግሪ ማን አስተማራት ብዬ አሰብኩ። እንዲህ የሚያሳስበኝ ጋሼ ነው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ አዲስ አበባ የቴክኒክ መምህር። በወጣትነቴ፣ ሥራውንና አገሩን ትቶ ካንሳንጋ ሰፈር ወደተከራየኋት ክፍል መጣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የተቀቀለ የሙዝ ማቶኬ ካቀረብኩለት ይበላል፣ ካላቀረብኩለት አይጠይቅም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ በኋላ ምንም አልሰማኝ አለ። ሰው ለካ ይደነዝዛል።

ያስነሱት ጎረቤታችን የጅማዋ እትዬ ዘሃራ ናቸው።

"ግድግዳውን አጥንተህ አልጨረስክም? ጫጩት የሚያስፈለፍል ሳጥን ሥራልኝ፤ እንቁላሉ ከኔ" አሉት።

ተነሳ። ዝናብ ነበር፤ በቀዩ ጭቃ ላይ በቦዳ ሞተር ወደ ከተማ ወርዶ ለማሞቂያ አምፖል፣ ለመለኪያ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቴርሚስተር ይዞ መጣ። ቴርሚስተሯ ሙቀት ይሰማታል እንጂ ዲግሪ አታውቅም። ከእሷ የሚገኘው ቮልት ነው፤ ቮልቱን ወደ ዲግሪ የሚመልሰው ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ ሙቀታቸው የታወቀ ሁለት ነገሮች ውስጥ ትነከራለች። ጋሼ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነከራትና "ዜሮ" አለ። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነከራትና ሳያመነታ "ዘጠና ሁለት" አለ። ከዚያ የመሃሉን አሰላ።

ሳጥኑ ከበራ ወዲህ ይላጭ ጀመር። እትዬ ዘሃራ ጫጩት ሲጠብቁ እኔ እሱን ነበር የምጠብቀው።

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ አንድም አልተፈለፈለም። እትዬ ዘሃራ አንዱን እንቁላል ሰበሩት፤ ጫጩቱ ውስጡ ሞቷል። "ኸይር ነው" ብለው ወጡ። ጋሼ ወደ አልጋው ሊመለስ ነው ብዬ ቆሜ አየሁት። አላዘንኩም፣ አልተናደድኩም።

እሱ ግን የሚያየው የጣድኩትን የሻይ ውሃ ነበር።

"ተማሪዎቼን በየዓመቱ ምን እላቸው ነበር መሰለሽ? አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ ውሃዋ በዘጠና ሁለት ይፈላል።"

"እና?"

"ካምፓላ ዝቅ ትላለች። እዚህ ዘጠና ስድስት ነው። መለኪያው አሳንሶ ሲያነብ አምፖሉ እንቁላሎቹን አበሰላቸው።" ቀጠለና "ለካ እስካሁን እዚያው ነኝ" አለ።

ወደ አልጋው አልተመለሰም። ቁጥሩን አስተካከለ። በቀጣዩ ዙር ጫጩቶች ወጡ፤ ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ። በኋላም ማኪንድዬ ሰፈር ማቀዝቀዣ መጠገኛ ከፈተ። እሁድ እሁድ ቤቴ ሲመጣ፣ የሻይ ውሃ በፈላ ቁጥር እኔ "ዘጠና ስድስት!" እላለሁ፣ እሱ ከሳሎን "ካምፓላ ነን!" ይለኛል። ሌላ ሰው ቢሰማን እብዶች ይለን ነበር።

ባለፈው የዝናብ ወቅት አረፈ። ለቀስተኛው ሲያለቅስ እኔ ዓይኔ ደርቆ ተቀመጥኩ። ሰው ታዘበኝ፤ እኔም ራሴን ታዘብኩ።

ከሐኪም ቤት ተመልሼ ሻይ ጣድኩ። ውሃው ሲፈላ ከአፌ አመለጠኝ፤ "ዘጠና ስድስት!" አልኩ። ከሳሎን ድምፅ ጠበቅኩ። ሲቀር ጊዜ "ካምፓላ ነን" ብዬ ለራሴ መለስኩ፤ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።