የእውነት መውደቅ፣ የውሸት መውደቅ

ሰው ሲወድቅ አይቼ መሳቅ አልችልም። እንደዚያ ሆኜ አላደግኩም። እኛ ዘንድ አንድ ሰው እንቅፋት ሲመታው ወይ አዳልጦት ሲወድቅ፣ የሚያውቀውም የማያውቀውም «እኔን!» ይለዋል። በአንተ ፋንታ እኔን ይጣለኝ ማለት ነው። ፒያሳ መንገድ ላይ አንዱ ቢደናቀፍ ከየሱቁ በር አምስት ሰው «እኔን» ይልና ወደ ገበያው ይመለሳል። ታስቦ አይባልም፣ እንደ ማስነጠስ ነው። እና እነዚያ ቀይ አፍንጫ የሚያደርጉ ፈረንጆች ሆን ብለው እየወደቁ ልጅ ሊያስቁ ይመጣሉ ሲባል «ይሄ ደግሞ የምን ሥራ ነው?» ብዬ ነበር። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። የሆነውን ግን ልጻፍ።

እኔ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፣ የአንድ ሕፃናት ማሳደጊያ ዘበኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ጽሑፌ ቢጎረብጥ ያነበበ ይታገሰኝ። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። ያገኘኝ ሁሉ «አሁንስ አረፍ ቢሉ?» ይለኛል። አላርፍም። ያ በር ዝናብ ሲነካው የት ጋ በትከሻ እንደሚገፋ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

በዚያ ዓመት አንዲት ልጅ መጣች። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከገጠር በመኪና አመጧት፤ ወገን የሚባል አልተገኘላትም። ከገባችበት ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በአማርኛ አዋራናት፣ ዝም። ምግብ አብሳይዋ በሲዳምኛ አዋራቻት፣ ዝም። ጤና ጣቢያ ወስደው ከኋላዋ አጨበጨቡ፣ ዞር አላለችም። «አትሰማም» ተባለ።

እኔ ትሰማለች ባይ ነኝ። ለምን ቢሉ፣ መኪና ወደ እኛ ሲታጠፍ፣ ገና ክላክስ ሳያደርግ፣ እኔ እንኳ ከመስማቴ በፊት እሷ ከጥበቃ ቤቴ ኋላ ተሸጉጣለች። እዚያ ቁጢጥ ብላ፣ ጣሪያው ላይ የሚቆመውን አባ ኮዳ፣ ያንን አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ መላጣ ወፍ፣ እያየች ትቆያለች። መኪና ይወስደኛል ብላ ነው። አንዴ ወስዷታላ።

ይህንን ለኃላፊያችን ነገርኳት። ደግ ሴት ናት፣ ግን እንደ እኔ ክርክር ትወዳለች።

«አባባ፣ ጎማውን በበሩ ሥር አይታ ነው» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ በዚያ በር ሥር ድመት እንኳ አይታይም። ቆርቆሮውን ያስመታሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ሐኪም አይደሉም።»

«አይደለሁም። ዘበኛ ነኝ። ማን መቼ እንደሸሸ አውቃለሁ።»

እሷም ምን ታድርግ። ከበላይ መሥሪያ ቤት፣ ልጅቱ እስከ መስከረም ካልተናገረች ሌላ ከተማ፣ በእጅ ምልክት ወደሚያስተምሩበት ቤት ትዛወር ተብሏል። ቤቱ መልካም ቤት መሆኑን አልጠራጠርም። መስማት ለማይችል ልጅ በረከት ነው። ግን የምትሰማን ልጅ፣ ያውም የመኪና ድምፅ ሲመጣ የምትደበቅን ልጅ፣ እንደገና መኪና ላይ ጭኖ መውሰድ ምን ይሉታል?

ነሐሴ ላይ፣ ግቢው ጭቃ በጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ክላውን የሚሏቸው መጡ። ማንም ሳይከፍላቸው፣ በፈቃዳቸው፣ ከአገር አገር እየዞሩ ትምህርት ቤትና ማሳደጊያ ያሉ ልጆችን የሚያስቁ ናቸው። አንዲት ሴትና አንድ ረጅም ሰውዬ ከአስተርጓሚያቸው ጋር ከባጃጅ ወረዱ። የሰውየው ጫማ ታንኳ ያክላል። አፍንጫው ላይ ቀይ ኳስ ለጥፏል።

«መታወቂያ» አልኩ።

አስተርጓሚዋ የከተማችን ልጅ ናት። «አባባ፣ እንግዶች ናቸው፤ ተፈቅዶላቸዋል።»

«ይፈቀድላቸው። መታወቂያ።»

ረጅሙ ሰውዬ ፓስፖርቱን አወጣ። ፎቶውን አየሁ፣ ፊቱን አየሁ።

«አፍንጫውን ያውልቅ በይው።»

«ኧረ አባባ!»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ? ያውልቅ።»

አወለቀ። ከሥር ያለው የራሱ አፍንጫም ጉንፋን ይዞት ከኳሱ አይተናነስም። «እሱው ነው፣ ይግባ» አልኩ። ከኋላዬ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰውየው አንድ ነገር አላትና አስተርጓሚዋ ወደ እኔ ዞረች፦ «የመጀመሪያውን ሳቅ ወሰዱብኝ ይላል።»

«ሥራዬን ነው የሠራሁት በይው።»

ልጆቹ በረንዳው ላይ ተደረደሩ። ያቺ ልጅ ከጥበቃ ቤቴ ጥግ አንድ ዓይኗን አውጥታ ታያለች። ሴትየዋ ከክራር የማትበልጥ ጊታር መምታት ጀመረች። ረጅሙ በታንኳ ጫማው ወዲያ ወዲህ ሲንጎራደድ ቆየና ድንገት በግንባሩ ተደፋ።

የሳቀ የለም። ሃያ ምናምን ልጅ ባንድ አፍ «እኔን!» አለ። ትልልቆቹ ሊያነሱት ሮጡ። እኔም ዱላዬን ጥዬ ሮጥኩ። ብብቱን ይዤ አቆምኩት፣ ጉልበቱን አራገፍኩለት። ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝና ሁለት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ወደቀ። «እኔን!» ደግሞ ሮጥን።

ምን እያሉ ነው ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም፣ አስተርጓሚዋ ጠጋ ብላ ነገረችው። ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ ዝግ ብሎ ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«በሄድኩበት አገር ሁሉ ስወድቅ ይስቃሉ፤ ሊያነሳኝ የመጣ ግን የለም ይላል። አሁን ልቀጥል ወይስ ልተው ይላል።»

«ይተው። ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ? ቀጥ ብሎ ይቁም።»

«አባባ፣ የውሸት መውደቅ እኮ ነው።»

«የውሸትም ቢሆን ጉልበቱ የራሱ ነው።»

አልተወም። እሱም የእኔው ቢጤ ግትር ነው። አምስተኛ ሲወድቅ ትልልቆቹ ልጆች ነቁበት፤ መሳቅ ጀመሩ። በማግስቱ ትንንሾቹም ነቁ። እኔ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ በወደቀ ቁጥር እሮጣለሁ፣ ልጆቹ ከእሱ ይልቅ በእኔ ይንከተከታሉ። አስተርጓሚዋማ «አባባ፣ ከቡድኑ ጋር ይሂዱ፤ ያለእርስዎ አያምርም» ብላ ቀለደችብኝ። ያቺ ልጅ ብቻ አትስቅም። ፈተና እንደሚያርም አስተማሪ ግንባሯን ቋጥራ አወዳደቁን ታያለች።

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻቸው ነበር። ረጅሙ ሰውዬ ጨዋታው ሲያልቅ አፍንጫውን አውልቆ መጣና ከጥበቃ ቤቴ ኋላ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አልቀለደም፣ ከረሜላ አልሰጣትም፣ አላዋራትም። ሁለቱም አባ ኮዳውን ሲያዩ ቆዩ። በኋላ በአንድ ጣቷ ያንን ትልቅ ጫማ ነካ አደረገችው። እንዳላየ ሆነ። ሲሰናበተኝ ቀይ አፍንጫውን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ምን ላደርገው?» ብል አስተርጓሚዋ «ይያዙት» አለችኝ። ኮት ኪሴ ከተትኩት።

ጳጉሜ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ሳለ ልጅቱ በአጠገቤ ሮጣ ወደ መደበቂያዋ ሄደች። መኪና እየመጣ ነው ማለት ነው። በሩን ልከፍት ስፈጥን ጭቃው እግሬን ወሰደው፤ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ኮፍያዬ ተንከባልሎ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ገባ።

«እኔን!»

ቀጭን ድምፅ ነው፤ ዘይት ነክቶት እንደማያውቅ በር ሲጢጥ የሚል። ቀና ብል ከራስጌዬ ቆማለች። እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ ከእኔ የበለጠ የደነገጠችው እሷ ናት። ሌላ ቃል ከመጣ ብዬ አልተነሳሁም። አልመጣም። ውጪ መኪናው ክላክስ አደረገ፣ እሷም ሸሸች።

የገባው ሰውዬ ከበላይ መሥሪያ ቤት ነው። የልጅቱን የማዛወሪያ ወረቀት ይዟል። በሩን እንደዘጋሁ ኮፍያዬን አንስቼ ደፋሁና እያነከስኩ ቢሮ ገብቼ «ተናግራለች! ስወድቅ እኔን አለችኝ» አልኩ።

ኃላፊዋ ከወንበሯ ተነሳች። «እርግጠኛ ነዎት? ባለፈው ሳምንት እኮ ስልክዎ ሲጮህ አልሰሙም።»

«ስልኩን መስማት ስለማልፈልግ ነው።»

ሰውየው ጨዋ ሰው ነው፤ አልተሳለቀም። «የኔ አባት፣ ብትናገር ደስታዬ ነው። ግን ዘበኛው ሰማ ብዬ አልጽፍም። በጆሮዬ ልስማት።»

ሁለቱም ወጥተው ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አሉ። «በይ የኔ ቆንጆ፣ አባባን ምን አልሽው?» ጫማዋን ታያለች። «እኔን በይ።» ጫማዋን ታያለች። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆዩና ሰውየው ተነሳ። ፋይሉን ብብቱ ሥር አድርጎ «እንግዲህ ሰኞ መኪና ይመጣል» አለ።

መኪና የሚለው ቃል ሲወጣ ትከሻዋ ስብስብ ሲል አየሁ። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰውዬን ቀጥ ብለህ ቁም ስል የከረምኩ እኔ፣ ወደ ግቢው መካከል ሄድኩ። ጌታ ሆይ ጉልበቴን አደራ ብዬ፣ እንደ ረጅሙ ሰውዬ አንድ ሁለቴ ተንጎራደድኩና ራሴን ለቀቅኩት።

«እኔን! አባባ!» ልጆቹ ከበረንዳው ጎረፉ። ኃላፊዋ «እኔን!» እያለች ስትሮጥ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው እንኳ ፋይሉን ጥሎ «እኔን አባቴ!» ብሎ ሮጠ። ያልተንቀሳቀሰች እሷ ብቻ ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ግንባሯን ቋጥራ ቆማለች።

«ውሸቱን ነው» አለች።

ሁሉም ባለበት ደረቀ። ኃላፊዋ ቀስ ብላ ዞረች። «ምን አልሽ እናቴ?»

«ውሸቱን ነው። የቅድሙ ነው የእውነት።»

ሰውየው ቁጢጥ አለ። «እንዴት አወቅሽ?»

በጣቷ እኔን አሳየችው። አንቱታ ገና አልገባትም። «ኮፍያውን ያዘ።»

እጄን ባየው እውነቷን ነው። ግራ እጄ ኮፍያዬን ጭንቅላቴ ላይ ጭምቅ አድርጎ ይዟል። ባንድ ቀን ሁለቴ ካቆሸሽኩት ባለቤቴ እንደማትምረኝ፣ እየወደቅኩም አልዘነጋሁትማ።

ኃላፊዋ ማልቀስም መሳቅም ጀመራት። ሰውየው ፋይሉን ከጭቃው አንስቶ በእጅጌው ይጠርጋል። «አሁን ይሄን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«እንደሰማህ ጻፍ» አልኩት ከመሬት። «ደግሞ አንሱኝ እንጂ! የውሸትም ቢሆን ጉልበቱ የራሴ ነው።»

ሰኞ መኪና አልመጣም። ማታ ባለቤቴ ጉልበቴን በቅባት እያሸች «በስተርጅና ክላውን!» እያለች ስትስቅ አመሸች።

ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ወሬኛ ሆነች ብል እዋሻለሁ። በቀን አሥር ቃል ብትናገር ነው። መኪናም ሙሉ በሙሉ አልለመደችም። ግን አሁን ከመሸሸጓ በፊት «አባባ፣ መኪና» ትለኛለች፣ እኔም ክላክስ ሳይደረግ በሩን እከፍታለሁ። ሾፌሮቹ እንዴት እንዳወቅኩ ይገርማቸዋል። አልነግራቸውም። መስከረም ላይ አፀደ ሕፃናት ገባች።

በዓመቱ ነሐሴ ላይ ቀይ አፍንጫዎቹ ተመልሰው መጡ። «መታወቂያ» አልኩ። ረጅሙ ሳልነግረው አፍንጫውን አወለቀ። ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ እሷ ነው። በጣቴ አሳየሁት፤ በረንዳው ላይ፣ ከፊት ለፊት ተቀምጣለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ሲወድቅ አዲስ የመጡት ልጆች «እኔን» አሉ፤ ነባሮቹ ሳቁ። ሁለተኛ ወደቀ፣ ሦስተኛ ወደቀ። እሷ እንደ ልማዷ ግንባሯን ቋጥራ ታርማለች። አራተኛው ከሦስቱ የተለየ አልመሰለኝም። ሁሉም ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ እግሬም ከቦታው አልተነሳም ነበር። እሷ ግን ብድግ አለች።

«ይሄኛው አመመው» አለች።

ሄዳ አጠገቡ ቆመች። «እኔን» አለችው። እሱም ፊቱን ከተቀባው ቀለም ሥር ቀና ብሎ አያት። አስተርጓሚዋ አፏን ልትከፍት ስትል በእጁ ተይው አላት። ያኔ ዱላዬን ጥዬ ሄድኩና በአንድ ብብቱ ያዝኩት፤ በሌላው ወገን እሷ አንድ ጣቱን ይዛ ጎተተችው። እየሳቀ ተነሳ፤ ጨዋታውንም እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

በማግስቱ የእጁ አንጓ አብጦ፣ በጨርቅ ታስሮ መጣ። ለማንም አልተናገረም ነበር።