ከሁለተኛ ማርሽ ያላለፈች

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሥጋ ቤቱ በር ላይ ነበር። «የሚሸጥ ስፖርት መኪና። ሁለት ወንበር። ሞተሯ መሃል ላይ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ። ቤት ውስጥ በባለቤቱ እጅ የተገጣጠመች። ጥቂት የተነዳች።» ከታች ስልክ ቁጥር አለ። ስም የለም። ስም አያስፈልግም ነበር፤ ሰፈራችን ጌልቫንዴል ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና ያለችው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ባለ ሥጋ ቤቱ ለገባ ለወጣው «ሜርቪን ሎገንበርግ ታሟል ማለት ነው» ይል ነበር። አልተሳሳተም። የሜርቪን የዓይን ብርሃን እየሄደ ነበር። ሐኪሙ ማዘግየት እንጂ መመለስ እንደማይቻል ነግሮታል። ግራና ቀኙ ጨልሟል፤ የፊት ለፊቱን ደግሞ በቧንቧ ውስጥ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው የሚያየው። ቧንቧው በየወሩ ይጠብባል።

ሜርቪን ጡረታ እስኪወጣ የሠራው መኪና ፋብሪካ ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ቅርጽ የሚያወጡ ብረቶች በሚሞረዱበት ክፍል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እሑድ እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በአንድ ስህተቱ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው አንድ ቅዳሜ ከባድ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ጭነቱን ሲያራግፍ ነው። የብረት ቱቦዎች፣ ከፋይበር የተሠራ ባዶ አካል፣ አንድ ሳጥን ብሎን። ሚስቱ ኡርሱላ ከአምቡላንስ ሹፌርነት ሥራዋ ገና መመለሷ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪና ነው።»

«መኪናው የታለ?»

«እዚህ ውስጥ ነው፤ መገጣጠም ብቻ ነው የቀረው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር ያልኩህ።»

መገጣጠሙ ዓመታት ፈጀ። ሞተሩ ከተጋጨ የቤት መኪና ተፈታ። ካምቢዮው ሞተሯ ጅራቷ ላይ ከሆነ አሮጌ ሚኒባስ መጣ። ሜርቪን ከፈረቃ ሲወጣ ቀጥታ ወደ ጓሮ ነበር። እኛ በአጥሩ በኩል ስናልፍ «ኦም ሜርቪን፣ ተወለደች?» እንለዋለን፤ ኦም እኛ ዘንድ ጋሼ እንደማለት ነው። «ገና ናት» ይላል፣ ቀና ሳይል።

የተወለደች ቀን ሰፈሩ ተጠራ። ከሰል ተቀጣጠለ፣ ቋሊማ ተጠበሰ፣ ጎረቤቱ ክላይቭ ኪቪዶ ድምፅ ማጉያውን አውጥቶ አጥር ላይ ሰቀለ። ሜርቪን ገባ፣ አስነሳ። ድምፁ ከመሬት በኩል ነበር የመጣው፤ መጀመሪያ የሰማው እግራችን ነው። አንደኛ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች።

የተሳሳተ መሰለው። ሁለተኛ ማርሽ ሞከረ። አሁንም ወደ ኋላ፤ በፍጥነት። የታጠበውን ልብስ ከነገመዱ ይዛ የማድ ቤቱን ግድግዳ ገጨች። ሜርቪን ግን መሐንዲስ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ስለሆነ ማወቅ ነበረበት። ከግድግዳው ገፍተን ስናርቃት አንደኛን ደገመ፣ ሁለተኛን ደገመ፤ ሁለቱም ወደ ኋላ። በመጨረሻ ኋላ ማርሹን አስገባ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ፊት መጣች።

ከዚያ ኡርሱላ በተሰነጠቀው ግድግዳ መስኮት ብቅ አለች። «ሜርቪ፣ ማድ ቤት ስትገባ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ሚኒባሷ ላይ ሞተሩ ከካምቢዮው ኋላ ነው። እዚህ ግን መሃል እንዲሆን ሜርቪን ሞተሩን ከካምቢዮው ፊት አመጣው፣ ካምቢዮውም አብሮ ዞረ። ውስጡ ያለው ኮሮና የሚሉት ትልቁ ጥርስ ካልተገለበጠ ጎማው በተቃራኒው ይዞራል። ይህን ስህተት ተራ ሹፌር አይሠራውም። ፋብሪካም አይሠራውም። መኪና በጓሮው የሚሠራ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ካምቢዮውን ፈታ፣ ኮሮናውን ገለበጠ፣ መልሶ ገጠመ። የወጣለት ስም ግን አልተፈታም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦም ኋላ ማርሽ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ የሰፈሩ ሆነች። እኛ ዘንድ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ለስንብት ጭፈራ ሲሄድ መንገዱ በሙሉ ይወጣል። ልጅቷ ከቤቷ በር ብቅ ስትል ዘመድ ይጮኻል፣ ክላክስ ይነፋል። በምን ዓይነት መኪና እንደሄደች ለዓመታት ይወራል። የክላይቭ ልጅ ሮዛን የመጀመሪያዋ ነበረች። ሜርቪን ባርኔጣ አድርጎ ደጇ ላይ ቆመ። መኪናዋ ከአጥሮቻችን ታንሳለች፣ ቀይ ናት፣ መሬቱ ላይ የተነጠፈች ትመስላለች። ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ ስትገባ ሰዉ ዝም አለ። ከጩኸቱ በፊት የነበረውን ያንን ዝምታ አስታውሳለሁ። ከእኛው ጓሮ የወጣ ነገር እንደዚያ ሊያምር ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በየዓመቱ የሰፈሩን ልጆች አደረሰ። በእርምጃ ፍጥነት፣ አንደኛ ማርሽ፣ አልፎ አልፎ ሁለተኛ። የቀረው ጊዜ ሸራ ለብሳ ትቆማለች። ክላይቭ አንድ ቀን ጠየቀው።

«ኦም፣ አንዴ እንኳ ለቀቅ አታደርጋትም?»

«ሙሽራ የመሰለ ልጅ ይዞ ማን ይሮጣል?»

እውነቱን ኡርሱላ በኋላ ነገረችን። «ፈርቶ ነው» አለች። «አንዱን ነገር ገልብጬ ከገጠምኩ ሌላ ምን ገልብጬ ይሆን ይላል። ፍሬኑን? መሪውን? ሲሮጥ ነው የሚታወቀው ይላል። ሳያውቀው ሊሞት ነው የሚፈልገው።»

ገዢው እሑድ ጠዋት ከሩቅ፣ ከብሉምፎንቴን ከተማ መጣ። ዊም ስትሬይዶም ይባላል፣ ጨዋ ሰው፣ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። መኪና ይሰበስባል። መኪና የሚጫንበት ዝግ ተጎታች ይዞ ነው የመጣው። ሸራው ሲገለጥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ዞራት። ተንበረከከና ከታች አየ። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ የተጓዘችውን ኪሎ ሜትር አነበበና ሳቀ።

«ኦም፣ ይሄ እውነት ነው?»

«ሰፈሩን ጠይቅ። ሁሉም ለጭፈራ የተነዳ ነው።»

«እንግዲያው እወስዳታለሁ። እንዲህ እንዳለች ትቀመጣለች። አዳራሽ አለኝ፤ አቧራ አይነካትም።»

ሜርቪን ተጎታቹ ወዳለበት አቅጣጫ ዓይኑን አጠበበ። «አትነዳትም?»

«እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከዋጋዋ ላይ ይቀንሳል እኮ።»

«ይቀንስ» አለ ሜርቪን። እጁን ጣሪያዋ ላይ አሳርፎ ቆየ። «እኔ ከውጭ ሆኜ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ውስጧ ነኝ። ሦስተኛ ማርሽ ይኑራት አይኑራት አላውቅም። ሳላይ አልሸጥም፤ የማይበት ጊዜ ደግሞ ብዙ አልቀረኝም።»

«ታዲያ ማን ይንዳት?» አለ ስትሬይዶም። «እኔ በሰው መኪና አልደፍርም።»

ኡርሱላ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን።»

«አንቺ?» አለ ሜርቪን።

«ዕድሜ ልኬን ከኋላዬ ሰው እያጣጣረ ነድቻለሁ። እዚህ ውስጥ የሚሞት የለም።»

«አንቺ አለሽ እንጂ።»

«እንግዲያው በደንብ ገጥመኸው እንደሆነ እናያለን።»

ሜርቪን ቁልፉን ይዞ ቆመ። ከዚያ ሰጣት። «ሦስተኛው ላይ ካንገራገጨ ቶሎ ፍሪሲዮን ርገጪ።»

«ሜርቪ፣ ዝም በል።»

በየመኪናችን ተጭነን ስኩኒስ ወደምትባለው መንደር በሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ወጣን። ስትሬይዶም ተጎታቹን እየሳበ ተከተለ። ነፋስ አልነበረም፤ እኛ ከተማ ይህ ራሱ ዜና ነው። ሜርቪን መንገዱ ቀጥ በሚልበት ቦታ ዳር ላይ ቆመ፣ የዓይኑን ቧንቧ አስፋልቱ ላይ አነጣጥሮ። ክላይቭ ክንዱን ያዘው። ኡርሱላ መኪናዋን ከኩርባው ማዶ ወስዳ ምልክታችንን ትጠብቃለች። ሌላ የሚመጣ መኪና እንደሌለ ካረጋገጥን በኋላ እጅ አውለበለብን።

መጀመሪያ ድምፁ ከቁጥቋጦው ጀርባ መጣ። አንደኛ። ሁለተኛ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። ሜርቪን የክላይቭን ክንድ ጨመቀ። ድምፁ ተመለሰ፣ ወፍራምና ሰፊ ሆኖ። ሦስተኛ። ያንን ድምፅ ማናችንም ሰምተን አናውቅም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከሸራ ሥር ተኝቶ ነበር። እንደገና ተቋረጠ፣ እንደገና ተመለሰ። አራተኛ። መኪናዋ ከኩርባው ወጣች። ቀጥ ብላ፣ ሳትናጥ፣ መንገዱ የሚጎትታት ይመስል እየመጣች በፊታችን አለፈች። ሸሚዛችንን የሳበው ነፋስ የእሷ ነበር። ሄዳ ካለቀች በኋላም ድምፁ ደረታችን ውስጥ ቆየ። ስትሬይዶም ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ለምን እንዳወለቀ የሚያውቅ አይመስልም።

«አየሃት?» አለ ክላይቭ።

«ብልጭ አለች» አለ ሜርቪን። «ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ማርሾቹን ግን ሰማኋቸው። አንዱም አልተንገራገጨም።» ቀጥሎ «እኔ ነኝ የሠራኋት» አለ፤ እንደ ጥያቄ ነበር የሚመስለው።

ኡርሱላ ዞራ መጥታ አጠገባችን አቆመች። ፀጉሯ ከመሃረቡ ወጥቷል። ስትሬይዶም እጁን ለቁልፉ ዘረጋ።

«ቆይ አንተ» አለችው። በተሳፋሪው በኩል ጎንበስ ብላ በሩን ከፈተች። «ሜርቪ፣ ግባ።»

ሜርቪን በለመደው በሹፌሩ በኩል ሄደ፣ የኡርሱላን ትከሻ ሲነካ ገባው፣ ጣሪያዋን እየዳበሰ ዞረ። በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ቀበቶውን ያሰረችለት እሷ ናት። ወደ ስኩኒስ አቀናች። ማርሾቹን አንድ በአንድ ስትቀይር ሰማን፤ ከዚያ ድምፁ ከማዕበሉ ጋር ተደባለቀ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተን።

ስትሬይዶም ከባዶው ተጎታች አጠገብ ቆሞ ወደ መንገዱ ያያል። ኪሎ ሜትሩ እየጨመረ ነበር። እስኪመለሱ ድረስ ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተናገረም።