አክስቴ በዪኝ

እኔ የምኖርበት የገላን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናውን ዘይት ቀብቶ ሲያሽከረክራት ሽታው በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ እስከ ቤቴ በር ይደርሳል። ሌላው ሰው ምንም ሳይመስለው ያልፋል። እኔ ግን ያ ሽታ ሲመጣብኝ ጆሮዬ የባቡር ጡሩምባ ይጠብቃል። የዘንድሮ ልጅ የሚያውቀው አዲሱን ባቡር ነው፤ እኔ የምለው የድሮውን፣ አቃቂን መሃል ለመሃል እያጓራ የሚሰነጥቃትን ነው።

አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ሲሞት የምንኖርበትን የመሥሪያ ቤት ክፍል ልቀቁ ተባልን። በሰቃ በሚባለው የአቃቂ ሰፈር ውስጥ፣ ከድሮዎቹ የአገሩ ገበሬዎች ወገን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከግቢያቸው ጥግ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጡን። እናቴ ባቡሩ ሲቆም በመስኮት በመስኮቱ እየሮጠች ለመንገደኛ ቆሎና ሎሚ ትሸጥ ጀመር። የሚሸጥ በጠፋ ቀን ሁለታችንም ጾማችንን እናድራለን።

ከወንዙ ማዶ ወላጅ የሌላቸው ልጃገረዶች እየኖሩ ሙያ የሚማሩበት ግቢ ነበር። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስፌት። አልጋ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ቁርስ ምሳ እራት አለ። ግን አባትም እናትም የሞተባት ካልሆነች አይቀበሉም።

ወደዚያ የሄድን ዕለት እናቴ ሐዲዱን ስንሻገር ቆመችና ፊቴ ቁጢጥ ብላ ሻሼን አጠበቀችልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ አክስቴ በዪኝ» አለችኝ። «እማዬ ካልሽ ያባርሩሻል።»

«ቤት ስንሆንስ?»

«ቤትም ቢሆን። ምላስ ይስታል።»

ሽማግሌው ለምስክርነት አብረውን መጥተው ነበር። «ልጅቷ ችግረኛ መሆኗን እመሰክራለሁ» አሉ እንጂ ስለ እናቴ ሞት አንድ ቃል አልተነፈሱም። የእናቴን መሞት የተናገረችው ራሷ እናቴ ናት። «እህቴ ናት የሞተችው» ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን በቁሟ የቀበርኳት መሰለኝ።

የግቢው ኑሮ ክፉ አልነበረም። አንሶላው የሳሙና ሽታ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ገብታ በስፌት መኪናዎቹ ጥቁር አንገት ላይ ስታርፍ ደስ ትል ነበር። ግን ልክ በዚያ ሰዓት ባቡሩ ይመጣል። ጡሩምባው ሲሰማ እግሬ ፔዳሉ ላይ ይደርቃል፤ እናቴ ቅርጫቷን አቅፋ ስትሮጥ ትታየኛለች። የስፌት አስተማሪያችን ጠረጴዛዬን በማስመሪያ ትመታና «እግርሽ የት ሄደ?» ትለኛለች። የት እንደሄደ እንዴት ብዬ ልንገራት?

አንድ ጊዜ፣ ሞቷል የተባለ የአንዲት ልጅ አባት ከጦር ሜዳ በሕይወት ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ልብሷን በጨርቅ ቋጥረው ሸኟት። በሩ ላይ ስትስቅም ስታለቅስም አየኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ በእንቅልፌ እማዬ ብዬ እጣራ ይሆን እያልኩ አፌን በብርድ ልብሱ እየሸፈንኩ መተኛት ያዝኩ።

ከአልጋዬ አጠገብ የምትተኛው ልጅ በአራስነቷ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተገኘች ነበረች። እሑድ ዘመድ ሲመጣ እሷ የምትጠብቀው ሰው ስላልነበራት ልብስ ታጥባለች። እናቴ ይህን ስታይ በሁለት ወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዛ መምጣት ጀመረች፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለጓደኛዬ። ጓደኛዬም እሑድ እሑድ ልብስ ማጠቡን ተወች።

አንድ እሑድ ሦስታችን ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ሳለ ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ፣

«እትዬ፣ እማዬ ልበልዎት?» አለች።

እናቴ አየችኝ። ከዚያ መሬቱን አየች።

«በዪኝ ልጄ፤ ምን ከፋኝ» አለች።

«እማዬ፣ በሚመጣው እሑድም ትመጫለሽ አይደል?»

ወዲያውኑ ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረደች፤ ሲጠብቅ የኖረ አፍ ነው። ያን ቀን ቆሎዬን ሳልነካ በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልኩት። እናቴ ስትሄድ ስትስመኝ በጆሮዬ «አትቀየሚ፣ እሷ ስትጠራኝ የምሰማው አንቺን ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። በየእሑዱ የእኔ ቃል በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ይኖር ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «አክስቴ» እላለሁ።

ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ በመስኮት ለመንገደኛ ሎሚ ስታቀብል ባቡሩ ተነሣ። ድንጋዩ ረጥቦ ነበርና አዳለጣት፤ እግሯ ተሰበረ። ወሬውን የነገሩን የመኝታ ቤታችን ሞግዚት ናቸው። «አክስትሽ ወድቀዋል፤ ነጠላሽን ልበሽ» አሉኝ። ጓደኛዬ አብሬ ካልሄድኩ ብላ እግራቸው ላይ ስለወደቀች ሁለታችንንም ይዘውን ሄዱ።

ክሊኒኩ የአልኮልና የእርጥብ ልብስ ሽታ ይሸታል። ጓደኛዬ ገና ከበሩ «እማዬ! ምን ሆንሽብኝ እማዬ!» እያለች ሮጣ እናቴ ደረት ላይ ተደፋች። እኔ አልጋው ግርጌ ቀረሁ። የሞግዚቷ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«አክስቴ፣ አይዞሽ» አልኩ።

እናቴ የጓደኛዬን ፀጉር እየዳበሰች ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ከንፈሯን ነክሳለች። ጓደኛዬ ቀና ስትል ያንን ዓይን አየችው፤ ወዴት እንደሚያይ ተከትላ ወደ እኔ ዞረች። ለቅሶዋ ቀጥ አለ።

ስንመለስ ሞግዚቷ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። እኛ ከኋላ ጭቃውን እንረግጣለን።

«እናትሽ ናት» አለችኝ። አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ።

ነጠላዬን ፊቴ ድረስ ሳብኩት።

«አልናገርም። ግን እማዬ ማለቴን አልተውም። ከፈለግሽ ጥዪኝ።»

የጠላኋት ቀን ነበር። የወደድኳት ቀን ግን ይበልጣል። ምስጢሬን እስክንመረቅ ድረስ ለማንም አልተነፈሰችም፤ አንዲት ቃሏ ከአልጋዬ ልታስወርደኝ ትችል ነበር።

ስንመረቅ ሁለታችንም ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባን። እዚያው በሰቃ አንድ ሰፋ ያለ ክፍል ተከራይተን እናቴን አመጣናት። እግሯ ስላልዳነ ታነክስ ነበር። የመጀመሪያዋን ማታ እንዴት እንደጠበቅኳት! ራት በልተን ጓደኛዬ ሆን ብላ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። አፌን ከፈትኩ። «እማ…» አልኩና አፌ ላይ ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ። ቃሉ የሰው ልብስ የለበስኩ ያህል አልሆን አለኝ። ስንት ዓመት፣ ስንት ዓመት ሙሉ እየዋጥኩት ጠፍቷል።

እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው፣ አትታገዪ» አለች። «አንቺ አክስቴ ስትይኝ ምን ማለትሽ እንደሆነ አውቃለሁ።»

እንዲሁ አክስቴ እንዳልኳት ኖርን። ባቡሩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቀረ። እናቴም አንድ በጋ በሳል ወድቃ ሳትነሣ ቀረች።

በቀብሯ ዕለት ጓደኛዬ «እማዬ» እያለች ደረቷን መታች። እኔም ልጮህ አፌን ስከፍት የወጣው «አክስቴ» ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። ድንኳን ስንገባ አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ ከጓደኛዬ አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ። እናት እኮ ምትክ የላትም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የእህታቸው ልጅ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ። ከልምድ ይሁን ከድካም እንጃ።

ጓደኛዬ ልታርማቸው ስትል ክንዷን ጨበጥኩት። ተወችው። ሴትዮዋ ሲሄዱ ጓደኛዬ ነጠላዋን ፈታችና ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ለቀስተኛው ተበትኖ እስኪያልቅ በዚያች በአንዲት ነጠላ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን።