ፀሐይ ጠልቃ ያልተነሳንበት እሁድ

ባለፈው እሁድ፣ እዚሁ ሆሳዕና በእድራችን ስብሰባ ላይ እየተናገርኩ ሳለ ወጣቱ ሊቀመንበራችን ስልኩን አስጮኸብኝና "እትዬ፣ ሰዓት" አለኝ። ወደ ዋናው ነገር ገና መግባቴ ነበር። ተናድጄ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ግን ሳቄ መጣ፤ የንግግር ገደብ ይኑር ብዬ በወጣትነቴ ሰው ስወተውት የነበርኩት እኔው ነኛ!

ያኔ ከሆሳዕና ወጣ ባለችው ሆመቾ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ እንደሞተ የእድሩ ሰዎች እናቴን አባልነቱ የባልሽ ነበር አሏት። በራሷ ስም ልግባ ብላ ጠየቀች። ቆጮ በጎመን እየበላን ድንገት "እኔ ስሞት ማን ይቀብረኛል?" ትለኝ ነበር።

አብዛኛው ሰው ትግባ ባይ ነው። ጎረቤታችን አቶ ኤርሲዶ ግን መቃብር የማይቆፍር አባል አይሆንም አሉ። በእድሩ ልማድ ለመናገር የተነሳ ሰው ራሱ ካልተቀመጠ አይቋረጥም። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሁሉም ወደ ከብቱ ይሄዳል፤ ያልተወሰነ ጉዳይ ለቀጣዩ ወር ይቀጠራል። አቶ ኤርሲዶ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ከምርቃት ይጀምራሉ፣ ዘር ይቆጥራሉ፣ የሞቱ በሬዎቻቸውን ሳይቀር ያነሳሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምት ገባ።

የንግግር ገደብ እንዲኖር ደንቡ ይሻሻል ብዬ በዚያ ጭቃ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁሉም ልክ ነሽ ይለኛል። ግን ደንቡን ለመለወጥም ስብሰባ ላይ መነሳት አለበት፤ እሳቸው ደግሞ እሱም ላይ ይናገራሉ! ሽማግሌን ይብቃዎ የሚል ደፋር ከየት ይምጣ? አንድ የአባቴ ጓደኛ እንዲያውም ተቆጡኝ፤ ልማዱ የመጣው ሀብታሙ ድሃውን ዝም በል እንዳይለው ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

መላውን ያገኘችው እናቴ ናት።

"አታቋርጧቸው" አለች። "ብቻ አትነሱ።"

ነገሩ በገበያውም በቤተ ክርስቲያኑ በርም ተዳረሰ። እሁድ የእድሩ መሰብሰቢያ በሆነው ዝግባ ሥር ተገናኘን። አቶ ኤርሲዶ ተነስተው ተናገሩ፣ ተናገሩ። ፀሐይዋ ጠለቀች። ዞር ብለው አዩን፤ ማንም ንቅንቅ አላለም። ቀጠሉ። ብርዱ መጣ፣ ድምፃቸው ሻከረ። ያኔ እናቴ ውሃ በጣሳ ይዛ ሄደች።

"ይጠጡና ይቀጥሉ" አለቻቸው። "እንሰማለን።"

ጠጡ። ጣሳውን መለሱላትና ተቀመጡ። ወዲያው እጅ ወጣ፤ እናቴ አባል ሆነች። ከዚያ ወዲያም ጀንበር ጠለቀች ተብሎ ጉዳይ ማሳደር ቀረ። አቶ ኤርሲዶ እጃቸውን አላወጡም።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ሆሳዕና ተዛውሬ ሳለ፣ እናቴ አረፈች። እያለቀስኩ ሆመቾ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። መቃብሩን የቆፈሩት የአቶ ኤርሲዶ ልጆች ናቸው። እሳቸውም አርጅተው፣ በዱላ ተደግፈው ተነሱና ስለ እናቴ መናገር ጀመሩ።

ዛሬም ብትጠይቁኝ ንግግር ገደብ ይኑረው ባይ ነኝ፤ የሰው ጉዳይ በወሬ መሞት የለበትም። ያን ቀን ግን፣ አቶ ኤርሲዶ እናቴን እያነሱ ሲያወሩ፣ እንዳይቀመጡብኝ እየፈራሁ ነበር።