ጉድጓድ የሌለው ቦይ

የከተማው ሰው የማዘጋጃ ቤቱን የመንገድና ፍሳሽ ክፍል ኃላፊ በስሙ አይጠራውም፤ «አቶ አቅጣጫ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያገኘው በገዛ አፉ ነው። አንዱ ደጄ ላይ ያለው ቱቦ ፈነዳ ብሎ ቢመጣ፣ ሌላው የድልድዩ ድጋፍ ተነቀለ ብሎ ቢመጣ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሚስቴ ክዳን የሌለው ማንሆል ውስጥ ገባች ብሎ እያለቀሰ ቢመጣ፣ ሰውየው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጋደም ያደርግና «በጉዳዩ ላይ አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል። አቅጣጫውን ማን እንዳስቀመጠው፣ የት እንዳስቀመጠው፣ ከተቀመጠበትስ መቼ እንደሚነሳ ደፍሮ የጠየቀ ቢኖር፣ ለእሱም አቅጣጫ ተቀምጦለታል።

ክፉ ነው እንዳይባል ክፉ አይደለም። ጉቦ አይበላም፣ በሰዓቱ ይገባል፣ የታመመ ባልደረባ ይጠይቃል። ነገሩ ፈሪ ነው። ከበላይ ስልክ ሲደወልለት ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ነው የሚያናግረው፤ ደዋዩ እንደማያየው ያውቃል፣ ግን ይቆማል። ከታች የመጣ አቤቱታ ሲሆን ደግሞ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ያዳምጣል። እንዲህ ለላይ እየቆመ ለታች እየተቀመጠ እስከ ክፍል ኃላፊነት ድረስ ወጥቷል። ከእሱ በላይ የቀረው የምክትል ከንቲባው ወንበር ነበር፣ ያም ወንበር ሰው ሳይቀመጥበት ከርሟል።

የከተማው የመንገድ ሥራም ቢሆን ከኃላፊው የተሻለ ወግ የለውም። እዚያ መንገድ የሚጠገነው ሲበላሽ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ነው። ከከተማው መግቢያ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ በር ያለው መስመር ከድንጋይ ካባ የሚመጣውን ገረጋንቲ አፈር በላይ በላዩ እየለበሰ እንደ ሰርገኛ ሲያጌጥ፣ ወደ ጎን አንድ ጊዜ እጥፍ ያለ ሰው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ይገባል። እንግዳ ወደ ጎን አይታጠፍም።

የአቶ አቅጣጫ እናት የሚኖሩት ወደ ጎን ከታጠፉ በኋላ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ታችኛው ሰፈር ነው። ፍራሽ ሰፊ ናቸው። ባለ አንድ ክፍሉ ቤታቸው እስከ ጣሪያው የጥጥ ጆንያ ነው፤ በመካከሉ አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማና ረዣዥም መርፌዎች የተሰኩበት ትራስ አለ። ልጃቸውን በዚህ መርፌ አሳድገው፣ በዚህ መርፌ አስተምረው መሐንዲስ አድርገውታል። ክረምት ሲገባ ግን ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ የሚሄድበት ቦይ ስለሌለው እሳቸው ቤት ጎራ ይላል። ጥጥ ውሃ ነካው ማለት አለቀለት ማለት ነው። ቢያደርቁት ይጓጉላል፣ ይሸታል፣ ደንበኛም አፍንጫውን ይዞ ይሄዳል። አምና የተበላሸባቸውን የደንበኛ ጥጥ ዓመቱን ሙሉ ሲተኩ ኖረዋል። ዘንድሮ ውሃው አንድ ጊዜ ቢገባ ፍራሽ መስፋቱ ያበቃለታል። «እኔ ጋ ነይና ኑሪ» ሲላቸውም «እጄ እየሠራ ለምን በምራቴ ጓዳ ቁጭ እላለሁ» ብለው እምቢ ብለዋል።

ታዲያ ልጅየው የቦይ ኃላፊ ሆኖ ለእናቱ ቦይ ያልቆፈረው ለምንድን ነው? «ለእናቱ ሠራ» ይሉኛል ብሎ ነው። ይህን ፍርሃቱን «ገለልተኝነት» የሚል የክት ልብስ አልብሶታል። እናቱ ቤት ሻይ እየጠጣ የውሃው ነገር ከተነሳ «እማዬ፣ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ነው» ይልና ብርጭቆውን ያስቀምጣል።

እናቱም አንድ ሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ሰልፍ ያዙ። ተራቸው ደረሰ።

«ቀጣይ» አለ አቶ አቅጣጫ፣ ቀና ሳይል።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ» አሉ እናቱ።

ቀና ሲል ክው አለ። ከኋላቸው የተሰለፈው የሰፈር ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል።

«እማ... ምን ነበር የእርስዎ ጉዳይ?»

«ቤቴ ጎርፍ ይገባል። ቦይ የለንም። ልጅ አለኝ፣ እዚሁ እናንተ ጋ ነው የሚሠራው ይሉኛል፤ ግን ቤት ሲመጣ የሥራ ወሬ አይወድም።»

ሰልፉ ውስጥ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። አልተሸፈነለትም።

«ችግሩን በዘላቂነት ለመፍታት አቅጣጫ ተቀምጧል» አለ አቶ አቅጣጫ፣ ጆሮው እየቀላ።

«እንግዲያው አንዱን እኔ ቤት ያስቀምጡልኝ፤ ጥጡን ከፍ የማደርግበት ነገር አጥቻለሁ» አሉና አመስግነው ወጡ።

ያን ቀን ሰውየው ምሳ አልበላም። እናቱን ይወዳል፤ በሰው ፊት «እርስዎ» ያለበት አፉ መረረው። ዘንድሮስ የመጣው ይምጣ፣ ቦዩን እሠራዋለሁ ብሎ ቆረጠ። እንዴት እንደሚሠራው ያወቀው ግን ከንቲባው ቢሮው ጠርቶ እንግዶች ሊመጡ መሆኑን የነገረው ዕለት ነው።

«ከበላይ አካል ነው የሚመጡት» አለ ከንቲባው። «ጽዳት፣ ፍሳሽ፣ መንገድ፣ ሁሉንም ያያሉ። ያ የገበያው ቆሻሻ ግን ምን ይዋጠው?»

የገበያው ቆሻሻ ከዋናው መስመር ዳር ተከምሮ ተከምሮ ገንዳው ራሱ ከሥር ጠፍቷል። የቆሻሻ መኪናው ደግሞ ጎማ አጥቶ ድንጋይ ላይ ከቆመ ሰነባብቷል።

«ክቡር ከንቲባ፣ ቆሻሻውን ከማንሳት እንግዶቹን ማዞር ይቀላል» አለ አቶ አቅጣጫ። «በታችኛው ሰፈር እናሳልፋቸው። መንገዱን ከነቦዩ እንሠራና ገበያውን ሳያዩት ማዘጋጃ ቤት ይደርሳሉ።»

ከንቲባው ሐሳቡን ወደደው። እዚያ ቤት ችግር ከመፍታት ይልቅ ችግርን መዞር ሁልጊዜ ይወደዳል።

በማግስቱ አቶ አቅጣጫ በሥራ ዘመኑ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ቦቲ ጫማ ተጫምቶ ሠራተኞቹ መሃል ቆመ። መጀመሪያ በሁለቱም ጎን ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፣ በድንጋይ ይገነባል፣ ከዚያ ገረጋንቲው ይፈስሳል፣ ሮለሩ ይሄድበታል፣ በመጨረሻ ቦዩ በኮንክሪት ክዳን ይከደናል። ክዳኖቹ ተሠርተው መጡ። ችካል ተተከለ፣ ሲባጎ ተወጠረ። እናቱ ከደጃቸው ሆነው ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ሰውየውም ይህን አይቶ ለራሱ ደረቱን ነፋ።

አንድ ዶማ ሳይነሳ ስልኩ ጮኸ። አቶ አቅጣጫ ቆሞ ነበርና መነሳት አላስፈለገውም፤ እግሩን ብቻ ገጠመ።

«እንግዶቹ ቀኑን አሳጥረውታል» አለ ከንቲባው። «ከመንገዱና ከቦዩ የሚታየው የቱ ነው?»

«መንገዱ።»

«እንግዲህ የሚታየውን ሥራ። ደግሞ ስለ ምክትልነቱ ሳስብ ሰሞኑን አንተ ነህ ፊቴ ድቅን የምትለው።»

መንገዱ ቦይ ሳይኖረው ከፍ ካለ ውሃው ሁሉ ዞሮ ቤቶቹ ውስጥ እንደሚገባ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። እሱ ደግሞ መሐንዲስ ነው። «ክቡር ከንቲባ፣ እንዲህ ከሆነስ መንገዱ ባይነካ ይሻላል» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። ካወጣው ቃል ይልቅ በዋጠው ቃል ነበር እዚህ የደረሰው።

«ቆፍረን ነው ክዳኑን የምንደረድረው ወይስ ሳንቆፍር?» አለ ፎርማኑ።

«ለጊዜው ክዳኑ ይደርደር። ጉድጓዱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይቆፈራል።»

ፎርማኑ በዚህ ከተማ ብዙ ያየ ሰው ስለሆነ ወደ ክዳኖቹ ሄደ። ገረጋንቲው ፈሰሰ፣ ሮለሩ ሄደበት፤ ክዳኖቹም ከመንገዱ ዳር ደልደል ባለ መሬት ላይ አንድ በአንድ ተጋደሙ፤ ጠርዛቸው ነጭ ተቀባ። ላየው ሰው፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል።

እናቱ ብቅ ብለው አንዱን ክዳን በእግራቸው ቆረቆሩት።

«ልጄ፣ ይሄ ምኑን ነው የሚከድነው?»

«ቦዩን ነዋ እማዬ።»

«ቦዩ የታለ?»

«ይመጣል።»

«ክዳኑ ቀድሞ ድስቱ ኋላ ሲመጣ ገና ዛሬ አየሁ። መንገዱም ከበሬ ደፍ በላይ ሆነ፤ ድሮ ወደ ቤቴ ሽቅብ ነበር የምገባው፣ አሁን ቁልቁል ሆኗል።»

«እንግዶቹ እንደሄዱ ወዲያው አስቆፍርልሻለሁ። ዝናቡም ገና ነው።»

እናቱ ሰማዩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ቤታቸው ገቡ።

ዝናቡ አቅጣጫ አልጠበቀም። እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት ጎህ ሲቀድ ጀምሮ እንደ ጉድ ወረደና ረፋዱ ላይ አባራ። መኪኖቹ ታችኛው ሰፈር ሲደርሱ መንገዱ ታጥቦ ያብረቀርቃል። የእንግዶቹ መሪ ወረደ፤ የተወለወለ ጫማውን መሬቱ ላይ ጠበቅ ጠበቅ አደረገ፤ ጫማው ጭቃ አልነካውም።

«ይሄ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ላይ ጠብታ ውሃ የለም» አለ እየተገረመ። «የት ሄደ?»

«በቦዩ ነው ክቡር ሆይ» አለ ከንቲባው፣ ነጩን ጠርዝ እያሳየ።

አቶ አቅጣጫ የት እንደሄደ ያውቃል። የሰፈሩ በሮች ሁሉ ተዘግተዋል። ከአንዱ በር ሥር ቡናማ ውሃ ቀጭን ምላሱን እያወጣ ይመለሳል።

«አንድ ነዋሪ እናናግር» አለ መሪው። ካሜራ ያዡን አስከትሎ ቅርብ ያለውን በር አንኳኳ። ቅርብ ያለው በር የፍራሽ ሰፊዋ ነበር።

በሩ አንድ ሰው የሚያቆም ያህል ብቻ ተከፈተ። እናቱ ክፍተቱን ሞልተው ቆሙ፤ ከኋላቸው የሚታይ ነገር የለም። ቀሚሳቸው ግን እስከ ጉልበታቸው ርሷል፤ ከእጃቸው ላይ ያበጠ ጥጥ ተጣብቋል። ያን ልብ ያለው ልጃቸው ብቻ ነው።

«እናታችን፣ መንገዱና ቦዩ እንዴት ሆነልዎ?»

እናቱ ካሜራውን አላዩም። ከእንግዳው ትከሻ ባሻገር ኮቱን ቆልፎ፣ እግሩን ገጥሞ የቆመውን ልጃቸውን አዩት፤ አስተያየታቸው ድሮ ከትምህርት ቤት አልቅሶ ሲመጣ እንደሚያዩት ነበር። አንድ ቃል ከአፋቸው ቢወጣ ልጃቸው እዚያው ያልቅለታል።

«አምሮበታል» አሉ። «ውሃው በቦዩ ይሄዳል። እግዜር ይስጥልን።»

ተጨበጨበ። መሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይህ ተሞክሮ በከተማው ዝቅተኛ ሰፈሮች ሁሉ ልክ እንደዚሁ እንዲስፋፋ፣ ሥራውንም የሠራው ባለሙያ እንዲመራው አዘዘ። የታችኛው ሰፈር የጎርፍ ችግር ተፈትቷልና ማዘጋጃ ቤቱ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አቤቱታ እንደማይቀበልም ከንቲባው እዚያው ቆሞ አከለበት። ከንቲባው የአቶ አቅጣጫን እጅ ጨብጦ «ምክትሌ» አለው። በተዘጉት በሮች ጀርባ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ የቆሙት ጎረቤቶች ሁሉንም ሰምተዋል።

ከሰዓት በኋላ ሽኝቱ እንዳለቀ አቶ አቅጣጫ እናቱ ቤት እየሮጠ መጣ። እናቱ እግራቸውን ሰብስበው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጆንያዎቹ ከሥር ጠጥተው አብጠው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተንዷል። በርጩማው እየተንሳፈፈ ግድግዳውን ይመታል። ወትሮ ውሃ ሲገባ ባልዲ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው ጎረቤታቸው ዛሬ በራፉን አልፋ ሄደች፤ ዞራም አላየችም።

ኮቱን አወለቀና ባልዲ አንስቶ መቅዳት ጀመረ። እየሞላ ደጅ ይደፋል። ደጁ ግን ከቤቱ ከፍ ይላል፤ የደፋው ውሃ ነጩን ጠርዝ ታክኮ፣ ደፉን ተሻግሮ ተመልሶ ይገባል። እናቱ ተመልሶ የሚገባውን ውሃ አዩ።

«ሌሎቹም ሰፈሮች ላይ እንዲህ ልትሠራው ነው?» አሉ።

ባልዲውን ሞላ።

«እኔስ ለአንተ ብዬ ዋሸሁ። አንተ ለማን ብለህ ነው?»

አቶ አቅጣጫ የሞላውን ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውጭ አየ፣ ወደ ቤት አየ። ውሃውን የሚደፋበት ቦታ አጣ።