የዶሮዋ ኪኒን

እትዬ አስካለ፣ እኅቴ ዘነበች፣ ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉና እኔ ሰበታ አጎቴ ቤት ምሳ ላይ ነበርን። አጎቴ ጨው በመተዋቸው ደም ብዛታቸው ስለቀነሰ፣ ሐኪሙ ከሦስቱ ኪኒኖች ሁለቱን አስቁሟቸዋል። እሳቸው ያልቀመሱትን ማንም አይቀምስምና የእኛም ወጥ ጨው አልነበረውም።

"ሁለቱን ያስጣለኝ አልጫ፣ አንዷን ማስጣል ያቅተዋል?" አሉና የቀረችውን ኪኒን ወደ ሚስታቸው ወደ እትዬ አስካለ ወረወሯት። "ለዶሮሽ ስጪያት! እሷም የምትጮኸው ደሟ በዝቶ ነው።"

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ እንጂ" አሉ ኦቦ ቱሉ።

"አንተ ጨው ናፍቆህ ነው!"

ከዚያ በኋላ ኪኒን አልዋጡም። ብዙም ሳይቆይ ደማቸው አናታቸው ላይ ወጣና አረፉ።

በሰልስታቸው ወጡ ጨው ነበረው፤ ሁላችንም ደጋግመን በላን። ዶሮዋ ዛሬም ትጮኻለች፤ የሚሰድባት ግን የለም።

ኪኒኗ የት እንደወደቀች እኔ አላየሁም። አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ያነሳት ካለ ንገሩኝ።