በርዷል ያለን ጌጅ

ከጨንቻ የተነሳነው ልጄን ዘሪቱን ከቆላ ልናመጣት ነው። ዘሪቱ ያገባችው ምዕራብ ዓባያ ነው፤ ባሏ አማኑኤል ሙዝ ያለማል። ሆዷ ገፍቷል። የመጀመሪያውን ልጅ እዚያው ቆላ ወባ አስወረዳት። አሁንም ወባ ይዟት ነበር፤ ታክማ ተሻላት ሲሉኝ፣ እስክትወልድ ደጋ እኔ ጋ ትቀመጥ ብዬ ተነሳሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች «መንገዱን እንዳየሽው ጻፊልን» ስላሉኝ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ብስት አንባቢ ያርመኝ።

ቁልቁለቱ

መኪናው የልጄ የምህረቱ ነው። ባለ ሁለት ጋቢና አሮጌ መኪና፣ ዕድሜው ከእሱ የማያንስ። የጨንቻን ፖም ወደ አርባ ምንጭ ያወርድበታል፤ ሲመለስ ሙዝና ማንጎ ይጭናል። የተነሳን ጠዋት ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ምህረቱ እንደ ሁልጊዜው ከወንዝ የተቀዳ ውሃ በጀሪካን ይዞ መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ራዲያተሩን ሞላ፣ ዘጋ። በእኛ አገር ሾፌር ሁሉ ጠዋት ይህን ያደርጋል፤ ፊት እንደ መታጠብ ነው። ማንንም አይገርምም። እኔንም አልገረመኝም።

እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ዶርዜን ስናልፍ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ላይ ያለችው ቀስት ድንገት ወደ ቀዩ ዘለለች። ጮህኩ። ምህረቱ ፍሬን ያዘ። ቆመን ስናያት ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ትንሽ ሄደን እንደገና ዘለለች፤ እንደገና ጮህኩ።

«እማዬ፣ አንቺ ስትጮሂ እኮ ነው እሷም የምትደነግጠው» አለኝ። «ተያት፤ ውሸታም ናት። ስገዛትም እንዲህ ነበረች።»

ከዚያ በኋላ መንገዱን አላየሁም፤ ያየሁት ቀስቷን ብቻ ነው። እንሰቱና ቀርከሃው አልቆ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ የዓባያ ሐይቅ ከታች ቀላ ብሎ ተዘርግቶ ታየ። ሰው ሁሉ እዚያ ቦታ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ ግን ያን ውሃ ሳየው ትዝ የሚለኝ ዳሩ ላይ የሚፈለፈለው ትንኝ ነው።

ሲቀላ

አርባ ምንጭ ፖሙን ካራገፍን በኋላ፣ መካኒክ ሳያያት ከዚህ አልንቀሳቀስም አልኩ። ምህረቱ እየሳቀ ሲቀላ ሰፈር አንድ ጋራዥ ወሰደኝ። መካኒኩ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ላይ ከተሰካች፣ ሙቀት ከምትለካ ትንሽ ሴንሰር ሽቦ ነቀለ፤ ቀስቷ ታች ወደቀች። ሽቦውን ብረት አስነካው፤ ቀስቷ ቀዩ ላይ ወጣች።

«ጌጁ ጤነኛ ነው» አለ። «ሽቦው ነው የዛገው። አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል፤ ለዚያ ነው የምትዘለው።» በቢላዋ ፋቀው፣ አጠበቀው። ደግሞ እንደ ማስታወስ ብሎ «ውሃስ ይጎድልባታል?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ በፍጹም!» አለ ምህረቱ። «ጠዋት ጠዋት እሞላለሁ እኮ።»

ከጎን ጀነሬተር ይጮሃል፤ መካኒኩ ይህን «ጠዋት ጠዋት እሞላለሁ» ያለውን ይስማው አይስማው እንጃ። እኔ ሰምቻለሁ። ጎበዝ ልጅ፣ መኪናውን ይንከባከባል ብዬ አለፍኩት።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ መጣ። «እናቴ፣ ከእንግዲህ አትጩሂ። አሁን ቀስቷ ያለችውን እመኛት።»

የዓሣው ዋጋ አልቀመስ ብሏል፤ በሀለኮ፣ ሽፈራው በሚሉት ቅጠል፣ የተሠራ የበቆሎ ኩርኩፋ በልተን ተነሳን። ምህረቱ ደህና በላ። የእኔንም ግማሽ ጨመርኩለት።

ምዕራብ ዓባያ

ዘሪቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሆዷ ትልቅ፣ ክንዷ ግን ቀጭን። አልጋዋ ላይ ያለው አጎበር በአንድ በኩል ተቀዷል። ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ተሻለኝ አልኩሽ እኮ እማዬ። በመጣሽ ቁጥር እንደ ሐኪም ትዳብሺኛለሽ!»

«ሐኪም አንዴ ነው የሚዳብሰው፣ አንቺን የወለድኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር።

አማኑኤል የመስኖ ተራው ስለነበር ቀረ። ሙዝ ጫነልን፣ እጄን ይዞ «አደራ» አለኝ። ያቺ ቃል እስካሁን እላዬ ላይ አለች።

ዳገቱ

ላንቴ መገንጠያ ደርሰን ወደ ደጋ ስንታጠፍ ቀስቷ መሃል ላይ ተረጋግታ ነበር። ምህረቱ «አየሽ? አሁን ምን ልትፈሪ ነው?» እያለ ይተርበኛል። ከፍ እያልን ስንሄድ ዘሪቱ ከኋላ በረደኝ አለች። ምህረቱ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ከፈተላት። እግራችን ሞቀ፣ ደስ አለን።

ጉሙ መጣ። መንገዱ ሲጠመዘዝ ቀስቷ ቀስ እያለች መውጣት ጀመረች። ምህረቱ ማርሽ ቀነሰ፣ መተረቡንም ተወ። ከዚያ ድንገት ቀስቷ ወረደች፤ መሃል ላይም አልቆመች፣ እስከ ታች።

«በረደልን!» ብሎ መሪውን መታ። «ጉሙ አበረደልን!»

«አንተ ምህረቱ፣ የምን ቀዝቃዛ አየር ነው የምትለቅብኝ?» አለች ዘሪቱ። «ከቅድም ጀምሮ እኮ እግሬ ደረቀ።»

ዞሬ አየኋት። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባለች። እጄን ግንባሯ ላይ ሳደርግ እሳት ነው። ወባን የምናውቅ እናውቃታለን፤ ሰውዬው በረደኝ እያለ የሚነደው ያኔ ነው። ዓይኔ ተመልሶ ቀስቷ ላይ አረፈ። ስለ ሞተር አላውቅም፤ አዋቂ ነኝም አልልም። ግን ያቺ ታች የተኛች ቀስት በእጄ ሥር እንዳለው ግንባር ሆና ታየችኝ።

«አቁም!»

«እማዬ፣ ዛሬ ስንተኛሽ ነው?»

«አቁም አልኩህ!»

ጠርዝ ላይ ቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። «ያው እዪው፣ በርዷል! እህቴ ታማለች፤ ጨንቻ ሐኪም ቤት ላድርሳት ወይስ እዚህ ጉም ውስጥ ላስቀምጣት?» ልጄ እውነቱን ነበር። ጠዋት ሁለቴ በከንቱ ጮሄያለሁ፤ ማን ያምነኛል?

ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሳር ነጨሁና በሁለት እጄ ይዤ መኪናው ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ ጦር የመዘዘም ቢሆን አልፎት አይሄድም። ይህ የወንዶች የሽማግሌዎች ነው፤ እናት ለልጇ ስታደርገው አይቼ አላውቅም። አፈርኩ። ግን አልተነሳሁም።

«እማዬ ተነሺ! ኧረ በጌታ ተነሺ፣ ሰው ያያል!» አለቀሰ ማለት ይቻላል። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

ሲጠፋ ውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ኮፈኑን ሲከፍት ትኩሳቱ ወደ ኋላ መለሰው። ከራዲያተሩ ሥር ያለው የውሃ ጎማ ተሰንጥቋል፤ አንድ ጠብታ የለም። ለመካኒኩ ደወለ። አዳምጦ ሲጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ሴንሰሩ ውሃው ውስጥ ነው የሚቆመው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ውሃው ሲያልቅ የሚለካው የለውም፤ ስለዚህ በርዷል ይላል። ሙቅ አየሩም የቀዘቀዘው ለዚሁ ነው። ትንሽ ብንቀጥል ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ይል ነበር። ገደል አፍ ላይ፣ ፍሬኑም ይደርቅ ነበር።» ጭቃ የነካ ጉልበቴን አየ። «ጠዋት ጠዋት የምሞላው ውሃ የት ይሄዳል ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

መኪናው ተረፈ። ልጄ ግን እዚያው እየነደደች ነው። ቀርከሃ ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ዘሪቱን በቡልኮ ጠቀለሉልኝ፤ አንዷ እግሯን በመዳፏ ታሻለች፣ ሌላዋ ትጸልያለች። ወደ ላይ የሚሄድ መኪና ጠፋ። የመጣው ወደ ታች የሚወርድ የጭነት መኪና ነበር። ልንሸሸው የወጣነውን ቆላ ተመልሰን ወረድን።

ሆስፒታል

አርባ ምንጭ ላይ ደሟን አዩ፤ ወባው አልለቀቃትም። ነርሷ «የተሰጠሽን ኪኒን ጨርሰሻል?» አለቻት።

ዘሪቱ ወደ እኔ ሳታይ «ትኩሳቱ ሲለቀኝ ተውኩት። የቀረውን ለሌላ ጊዜ ብዬ አስቀመጥኩት» አለች።

ነርሷ ሆዷ ላይ መሣሪያ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። እኔ የእሷን ፊት አዳምጥ ነበር። «የልጁ ልብ ይመታል» አለች። «ግን ደክሟል። እዚሁ ትቆይ።»

ቤት

አማኑኤል መጥቶ ሲተካኝ፣ ልብስ ላመጣ ወደ ጨንቻ ተመለስኩ። ምህረቱ መኪናውን አስጎትቶ አውርዶ የውሃ ጎማውን ቀይሯል። ከመነሳታችን በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ «ነይ እዪው» አለኝ። አየሁ፤ ሙሉ ነው። ዳገቱን ወጣን። ሳሩን የነጨሁበት ቦታ ስንደርስ ቀስ አለ እንጂ አልቆመም።

ለዘሪቱ ያነጠፍኩት አልጋ እንደነበረ ነው። ከዚህ መንገድ ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ በረደ ሲሉኝ ዝም ብዬ አለማመንን ነው፤ ውስጡን ከፍቶ ማየት። ይህም ዕረፍት አይሰጥም።

ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ትኩሳቱ ለቆኛል» ትለኛለች። እሺ እልና ስልኩን ለአማኑኤል ስጪው እላታለሁ።

«ኪኒኑን ስትውጥ በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ እማዬ።»

«ልጁስ ተንቀሳቀሰ?»

«ተንቀሳቅሷል ትላለች።»

«ትላለች አትበለኝ። እጅህን ሆዷ ላይ አድርግ፣ ስልኩንም አትዝጋው» እላለሁ።

ያደርጋል። ከዚያ ሦስታችንም እንጠብቃለን።